ዘካ «በሽታው በምን ያዘህ?» ብሎ ይጠይቃልን?

ቢስሚላሂ ር-ረሕማኒ ር-ረሒም

ረመዷን በገባ ቁጥር በየመስጊዱ ደጃፍና በየሱቁ በር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚጠይቀው። «ዘካዬን ለኤች አይ ቪ ሕመምተኛ ብሰጥ ይያዝልኛልን?» ይላል። በዚህ ቢያበቃ መልሱ አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን ወዲያው ያስከትላል። «በምን እንደያዘው ሳላውቅ?» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቫይረሱ በአገራችን መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ገንዘብ መስጠት ይቅርና የታመመ ጎረቤትን በር ማንኳኳት እንኳ የሚያስፈራበት ጊዜ አሳልፈናል። ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2003፣ በነፃ መታደል የጀመረው ደግሞ በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ዛሬ በኢትዮጵያ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ስድስት መቶ ሺህ ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሠርተው የሚያድሩ፣ ወልደው የሚያሳድጉ ናቸው።

ነገር ግን እነዚህ ሃያ ዓመታት እኛን ሙስሊሞችን ከአንድ ጥያቄ ገላገሉን። የመድኃኒቱን ዋጋ፣ የምርመራውን ወጪ፣ የመካሪዎቹን ደመወዝ ሳይቀር የሚከፍለው አብዛኛውን የውጭ እርዳታ ነበር። ሌላው እየከፈለ ስለነበረ እኛ መክፈል ይገባናል ወይስ አይገባንም ብለን መከራከር አላስፈለገንም። በኹጥባው ላይ ስለ ዝሙት አደገኛነት ተናገርን፣ ከጋብቻ በፊት ምርመራ እንዲደረግ መከርን፤ የቀረውን ለውጭ ድርጅቶች ተውነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የሚሰጠውን እርዳታ በድንገት አቆመ። ነፍስ አድን የሆነው የኤች አይ ቪ ሕክምና በተለየ ፈቃድ እንዲቀጥል ከቀናት በኋላ ቢባልም፣ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ አምስት ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መግቢያ ላይ ራሱ የእርዳታ ድርጅቱ ተዘጋ። የሌላ አገር መንግሥት በገንዘቡ የወደደውን ማድረጉን እዚህ ላይ መተቸት አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሌላው የሚከፍለው ሂሳብ ሲጎድል የእኛ ዘካና ሰደቃ የት ነበር? በየትኛው በር እየገባ ነበር? አሁንስ አቅጣጫውን ማዞር አይገባውምን?

በሱረቱ-ት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች ተቆጥረዋል። ድሆች፣ ሚስኪኖች፣ ዘካን የሚሰበስቡ ሠራተኞች፣ ልባቸው ወደ ኢስላም እንዲቀርብ የሚፈለጉ፣ ከባርነት ነፃ መውጣት የሚፈልጉ፣ ባለዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ላይ ያሉና ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ናቸው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «በሽተኛ» የሚል የለም። ሀብታም በሽተኛ ዘካ አይገባውም፤ ድሃ በሽተኛ የሚቀበለው በድህነቱ ነው። «ኃጢአተኛ ያልሆነ ድሃ» የሚልም የለም። አላህ (ሱ.ወ.) ድሃውን ድሃ ብሎ ጠራው እንጂ ድህነቱን በምን እንዳመጣው አልጠየቀም።

አንዳንድ ኪታብ የቀሩ ወንድሞች እዚህ ላይ ያስቆሙኛል። ልክም ናቸው። ፉቀሃዎች ምክንያትን የጠየቁባቸው ቦታዎች አሉ። ባለዕዳው ዕዳውን የገባው ለሐራም ነገር፣ ለምሳሌ ለቁማር ከሆነ ተውበት ካላደረገ በቀር በባለዕዳነቱ አይሰጠውም ያሉ አሉ። መንገደኛውም ጉዞው ለኃጢአት ከሆነ እንደዚያው። እንግዲህ ባለዕዳና መንገደኛ ሲመረመሩ በሽተኛው የማይመረመረው ለምንድን ነው? ይህ ጠንካራ ክርክር ነውና ሳይመለስ መታለፍ የለበትም።

መልሱ በራሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። ለባለዕዳ የሚሰጠው ዕዳውን እንዲከፍል ነው፤ ስለዚህ ዕዳው ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ቁማርተኛው ዕዳውን ሌላ ሰው ከከፈለለት ነገ ተመልሶ ይቆምራል የሚል ሥጋት አለ። ለመንገደኛ የሚሰጠው ጉዞውን እንዲቀጥል ነው፤ ስለዚህ ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል። ለድሃ የሚሰጠው ግን እንዲበላና እንዲለብስ ነው። ረሃብን ከሐራም ረሃብና ከሐላል ረሃብ የከፈለ ዓሊም አላየሁም። የኤች አይ ቪ ታማሚዋ እናት ለታክሲና ለዱቄት ብር ስትሻ የጎደላት ዱቄት ነው። ዱቄቱን ሰጥቼ የማስቀጥለው ኃጢአት የቱ ነው?

ይህ በፊቅሕ ቋንቋ ነው። ነገሩ ግን ከፊቅሕ የጠለቀ ሥር ያለው በመሆኑ አንድ ታሪክ ዘርዘር አድርጌ ማንሣት እወዳለሁ። አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ሆኖም ስለ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ንጽሕና ስንናገር እንጂ ስለ ገንዘብ ስንናገር አናነሣውም።

ሚስጦሕ ኢብን ኡሣሣ (ረ.ዐ.) ድሃ ነበሩ። አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ፣ በበድር የተዋጉ፣ የአቡበክር ሲዲቅ (ረ.ዐ.) የአክስት ልጅ ልጅ ናቸው። ቀለባቸውን የሚሰጧቸው አቡበክር ነበሩ። ሙናፊቆች በዓኢሻ ላይ ያንን ታላቅ ቅጥፈት ባወሩ ጊዜ ወሬውን ካራገቡት ጥቂት ሙእሚኖች አንዱ እኒሁ ሚስጦሕ ሆኑ። አስቡት። አንድ ሰው በገዛ ቤትዎ እየበላ በገዛ ልጅዎ ላይ የዝሙት ወሬ ሲያወራ! ዓኢሻ ራሳቸው ወሬውን መጀመሪያ የሰሙት ከሚስጦሕ እናት ነበር። ሴትዮዋ በመንገድ ላይ በልብሳቸው ተጠልፈው ሲወላከፉ ልጃቸውን ረገሙ፤ ገና ምንም ያልሰሙት ዓኢሻ ግን በበድር የዋለን ሰው እንዴት ይረግማሉ ብለው ተቆጧቸው።

የዓኢሻ ንጽሕና ከሰማይ ከወረደ በኋላ አቡበክር ለሚስጦሕ ከእንግዲህ አንዳችም ነገር እንደማይሰጡ ማሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሚስጦሕ ጥፋት ጥርጣሬ አልነበረም፤ የተረጋገጠ ነበር። ቅጣትም እንደተፈጸመባቸው ተዘግቧል። አቡበክርም ለሌላ ድሃ ሊሰጡት ይችሉ ነበር፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። በሰው ሚዛን ስንመዝነው ከዚህ የተሻለ ምጽዋትን የመከልከያ ምክንያት ይኖራል ብዬ አላምንም። ቁርኣን ግን በሱረቱ-ን-ኑር 22ኛው አንቀጽ ወረደ። ችሮታና ጸጋ ያላቸው ሰዎች ለዘመዶች፣ ለሚስኪኖችና ለስደተኞች ላለመስጠት እንዳይምሉ፣ ይልቁንም ይቅር እንዲሉ አዘዘ። አላህ ለእናንተ እንዲምራችሁ አትሹምን ብሎም ጠየቀ። አቡበክር እንደሚሹ ተናግረው ቀለቡን መልሰው ቀጠሉ፤ ዳግም እንደማያቋርጡትም ማሉ።

ይህ አንቀጽ ሚስጦሕን ንጹሕ ነው አላለም። ኃጢአቱ ኃጢአት ሆኖ ቀርቷል። ቅጣት የራሱ ቦታ አለው፣ ተውበትም የራሱ ቦታ አለው፤ የሚስኪን ቀለብ ግን የቅጣት መሣሪያ ሊሆን አይገባም ነው የተባለው። እኛ ደግሞ ያልበደለን፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው፣ ጥፋቱ ባልተረጋገጠ ሰው ላይ ከአቡበክር የበለጠ ቅናት አለን እንዴ?

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሐዲሥ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንድ ሰው ሌሊት ሰደቃ ሊሰጥ ወጣና ሳያውቅ በሌባ እጅ አኖረው። ጠዋት ሰው ሁሉ አወራበት። በሚቀጥለው ሌሊት በአመንዝራ ሴት እጅ፣ በሦስተኛው ደግሞ በሀብታም እጅ አኖረው። በየጠዋቱ አላህን አመስግኖ እንደገና ይወጣ ነበር። በመጨረሻ የተነገረው ሰደቃው ከንቱ እንዳልቀረ ነው፤ ሌባው ከስርቆት፣ ሴቲቱም ከዝሙት በዚያ ሰበብ ሊታቀቡ ይችላሉ፤ ሀብታሙም ትምህርት ወስዶ ከሀብቱ ይሰጥ ይሆናል። በዚህ ሐዲሥ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚያወራው ሕዝብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከዚያ ሕዝብ ሰደቃ የሰጠ አንድም ሰው አልተጠቀሰም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን አነጋገር እንመለስ። በየመድረኩ የሚሰማ አንድ ማለዘቢያ አለ። «ሁሉም በዝሙት የያዘው አይደለም፤ ከእናቱ የወሰደ ሕፃን አለ፣ ከባሏ የያዛት ንጽሕት ሚስት አለች፣ በምላጭ የያዘው አለ፤ ስለዚህ እንርዳቸው» ይባላል። ይህ በቅን ልብ የሚባል ነገር ነው። እኔ ግን ከግልጽ ጥላቻ ያልተናነሰ ጉዳት እንዳለው ነው የማምነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ንጹሑን እንረዳለን ካልን ንጽሕናውን የሚመረምር ያስፈልጋል። ማን ይመርምር? የመስጊዱ ኮሚቴ ነውን? የእድሩ ጸሐፊ ነውን? አንዲት ባሏ የሞተባት እህት ለልጆቿ እርዳታ ስትጠይቅ ንጹሕ መሆኗን ልታስረዳ የምትችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የሞተውን ባሏን ኃጢአት ታወራለች። የልጆቿን አባት በአደባባይ ታዋርዳለች። ይህ ጊባ ነው፤ እኛም ሃያ ኪሎ ዱቄት ይዘን ወደ ጊባ የጠራናት እኛው ነን። አላዋርደውም ብላ ዝም ካለች ደግሞ በዝምታዋ ራሷ ትጠረጠራለች። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ልትሄድ የሕክምና ምርመራ ተደርጎላት ቫይረሱ በደሟ በመገኘቱ የተመለሰችውን የወሎ ወይም የጅማ ልጅ አስቡ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህን ምርመራ ከቪዛ በፊት ግዴታ አድርገውታል። መንደሩ ሁሉ ለምን እንደቀረች ይጠይቃል። ለዚህች ልጅ «በምን ያዘሽ?» ማለት እርዳታ ነውን?

ከዚህም በላይ አለ። ንጽሕናውን ማስረዳት የማይችል ሁሉ ይደበቃል። ተደብቆም መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ መጠን ከፍ ይላል፣ ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉም ያድጋል። መድኃኒቱን በሥርዓቱ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ሐኪሞች ዛሬ አረጋግጠዋል። እንግዲህ «ኃጢአተኛውን አልረዳም» ያለው ሰው የራሱን ጎረቤት፣ ምናልባትም የነገ ምራቱን ነው ለበሽታ ያጋለጠው። በሱረቱል በቀራ 273ኛው አንቀጽ ላይ ከመለመን ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ናቸው ብሎ ስለሚያስባቸው ድሆች ተወስቷል። ዛሬ እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆኑ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ካርዱን በኮሮጆ ደብቆ ከሰፈሩ ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማዒዝ የተባለው ሰው ራሱን ሊያጋልጥ በመጣ ጊዜ ደጋግመው ፊታቸውን አዞሩበት። ሄደህ ተናገር ብሎ የገፋፋውን ሐዛልንም በልብስህ ብትሸፍነው በተሻለህ ነበር የሚል ተግሣጽ ሰጡት። ኃጢአቱ በገዛ አንደበቱ የተነገረው ሰው እንዲህ እንዲሸፈን ከተፈለገ የእኛ ምርመራ ከየት የመጣ ሱና ነው?

አሁን ብዙዎች ሊያልፉት የሚሹትን ነገር አነሣለሁ። «ሌላው ሁሉ ይሁን፤ በግብረ ሰዶም የያዘውስ?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ድርጊቱ በሸሪዓችን ሐራም መሆኑ በዚህ ጋዜጣ አንባቢ ዘንድ አከራካሪ አይደለም፤ በአገራችን የወንጀል ሕግም የተከለከለ ነው። በድርጊቱ ላይ ያለኝን እምነት አላለሳልስም። ነገር ግን ስለ ሰዎቹ ስንናገር ያልተነገረን ታሪክ አለና እውነቱን መናገር ደግሞ ግዴታ ነው።

በሽታው በአሜሪካ በታወቀ ጊዜ በመጀመሪያ የተመቱት እነዚህ ሰዎች ነበሩ። መንግሥታቸው ዝም አለ፤ ብዙ ቤተሰብ የራሱን ልጅ ከደጅ መለሰ። በ1982 በኒውዮርክ የመሠረቱት ማኅበር ሕሙማንን በየቤታቸው የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞችን አሰማራ። የመጀመሪያው መድኃኒት በ1987 ሲፈቀድ ዋጋው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው አክት አፕ የተባለው ንቅናቄያቸው በ1989 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ገብቶ ከጮኸ በኋላ አምራቹ ኩባንያ በቀናት ውስጥ ዋጋውን 20 በመቶ ቀነሰ። በደቡብ አፍሪካም በኬፕታውን የሙስሊም ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገው ዛኪ አችማት፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑንም ቫይረሱ በደሙ መኖሩንም በአደባባይ የተናገረ ሰው፣ በ1998 ለመድኃኒት የሚታገል ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ሆስፒታል ለድሃው እስኪሰጥ ድረስ እኔም አልወስድም ብሎ እስከ 2003 ድረስ ታምሞ ቆየ። በ2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ፋብሪካ ሦስቱን መድኃኒቶች በቀን ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ ለማቅረብ ሲነሣ (የፋብሪካው መሥራች ኸዋጃ ዐብዱል ሐሚድ የተባሉ ሙስሊም መሆናቸውን በቅንፍ ላስታውስ) በር የተከፈተው እንዲህ ባለው ጩኸት ጭምር ነበር። ዛሬ በደሴና በጅማ በነፃ የምትታደለው ክኒን ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላ የመጣች ናት።

ይህን የምናገረው ሐራሙ ሐላል ሆነ ለማለት አይደለም። ከሌላው ሰው ጩኸት በተገኘ መድኃኒት የራሳችንን ሕሙማን እያዳንን፣ ያንኑ ሰው ሲታመም ከደጅ መመለስ ነውር ነው ለማለት ነው።

ታዲያ ወሰኑ የት ነው? አንዳንድ በምዕራብ አገር የሚኖሩ ወንድሞች ሰደቃቸውን የሕዝብ ገንዘብ ለሚሰበስቡ ትልልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲሰጡ ገንዘቡ ለእነዚህ ሰዎች መብት ቅስቀሳም እንደሚውል ሰምተው እንደሚቸገሩ ይናገራሉ። እኔ እንደሚገባኝ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። ሐራምን ሐላል ነው ለሚል ቅስቀሳ ዘካ የሚገባበት በር በስምንቱ ውስጥ የለም፤ ሙስሊም ገንዘቡን ከዚያ ቢመልስ አይወቀስም። ነገር ግን «መብት» በሚለው ቃል ሥር ሌላም ነገር አለ። ሰው በሽታው ታውቆበት ወይም ተጠርጥሮ ከቤት እንዳይባረር፣ በመንገድ እንዳይደበደብ፣ ጤና ጣቢያ ሲገባ ነርሷ እንዳትሳለቅበት የሚጠይቅ መብት አለ። ይህን መከልከል ዙልም ነው። ዙልምን መከላከል ደግሞ የተበዳዩን ሥራ መውደድን አይጠይቅም። ሱረቱል ኢንሳን 8ኛው አንቀጽ ምግብ የሚያበሉ ደጋጎችን ሲያወድስ ከሚስኪኑና ከየቲሙ ጋር ምርኮኛውን ጠርቷል፤ በዚያ ዘመን ምርኮኛ ማለት ሰይፍ መዞ ሊገድላቸው የመጣ ሰው እንደነበረ ሙፈሲሮች ጽፈዋል። ለጠላት ምግብ ከተፈቀደ፣ ለታመመ ኃጢአተኛ ሕክምና እንዴት ይከለከላል?

አዎን፣ ዘካን ለደጋጎች መምረጥ ይሻላል ያሉ ታላላቅ ዑለማዎች አሉ። ኢብን ተይሚያ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ሁለት እኩል የተራቡ ሰዎች ፊታችን ቢቆሙና አንዱ ሶላቱን የሚጠብቅ ቢሆን እርሱን ብናስቀድም የሚወቅሰን የለም። ነገር ግን የእኛ ችግር ከሁለት የተራቡ መምረጥ ነውን? የእኛ ችግር ባለፈው ዓመት የተነጠፈው የመስጊድ ምንጣፍ ሳያረጅ ሌላ መግዛታችን ነው። ሚናራውን በሁለት ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚሰበሰበው ገንዘብ በሳምንት ሲሞላ፣ ለሕሙማን የተባለው ሳጥን በረመዷን ማብቂያም ግማሽ አይደርስም። መስጊድ መሥራት ትልቅ ዒባዳ ነው፤ አልክድም። ሆኖም የመስጊዱ ጎረቤት ክኒኑን በባዶ ሆድ እየዋጠ ሚናራው ለማን ነው የሚታየው?

በሌላ አገር ሙስሊሞች ከእኛ ቀድመው ሄደዋል። በኡጋንዳ እስላማዊው የሕክምና ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢማሞችን አሠልጥኖ በምፒጊና በኢጋንጋ አካባቢ ቤት ለቤት ሕሙማንን እንዲጎበኙና ቤተሰብን እንዲያስተምሩ አሰማርቷል። በኬፕታውን በ2000 የተቋቋመው ፖዚቲቭ ሙስሊምስ የተባለ ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ዓሊሙ ፋሪድ ኢሳቅ ናቸው፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሙስሊሞችን እንዴት ተያዛችሁ ሳይል መሰብሰብን መርሕ አድርጎ ተነሣ። እነርሱም ተቃውሞ ገጥሟቸዋል።

ወደ እኛ ስንመጣ ሥራው ከባድ አይደለም። መድኃኒቱን መግዛት አይጠበቅብንም፤ እስካሁን በነፃ ነው። የጎደለው በዙሪያው ያለው ነው። ጤናው የተረጋጋ ሰው በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ያልተረጋጋው ግን ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፣ መመላለሻ ደግሞ ብር ነው። ተደራቢ በሽታ ሲመጣ ምርመራና ሌላ መድኃኒት በኪስ የሚከፈል ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ደብተር አለ፣ ከሁሉ በላይ ምግብ አለ። አራት ሚሊዮን ብር ዓመት የሞላው ነጋዴ የሚያወጣው ዘካ መቶ ሺህ ብር ነው። ሙሉውን ለዚህ ይስጥ አላልኩም፤ ሩቡ እንኳ የስንት ሰው የዓመት መመላለሻ እንደሚሆን ራሱ ያስላው።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። ዘካ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ለሙስሊም ድሃ የተወሰነ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ለክርስቲያኑ ሰደቃ አለ፤ እርሷ ወሰን የላትም። ሶሓቦች ሙስሊም ላልሆኑ ዘመዶቻቸው መስጠት በከበዳቸው ጊዜ የሱረቱል በቀራ 272ኛው አንቀጽ ልብን ማቅናት የሰው ሥራ አለመሆኑን ነግሮ እጃቸውን እንደፈታው ተዘግቧል። ስለዚህ ዘካና ሰደቃ በተለያየ መዝገብ ይያዙ፤ በወረፋው ላይ ግን ማንም አይለይ።

አሰጣጡም እንዲሁ። ገንዘቡ ከጤና ጣቢያው የሕሙማን አማካሪ ጋር በመነጋገር በቁጥር እንጂ በስም አይመዝገብ። ሰጪው ተቀባዩን ማወቅ የለበትም፤ ማወቅ ከፈለገ ለምን እንደፈለገ ራሱን ይጠይቅ። በመስጊድ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተረጂዎች ስም አይለጠፍ። የረመዷን ጥቅል ሲያድል ካሜራ ደቅኖ እናቶችን በረድፍ የሚያቆም ማኅበር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዘካችሁን ከእርሱ ወስዳችሁ ፎቶ ለማያነሣ ሰው ስጡ።

ወላሁ አዕለም።